ያ ኮምፒውተር አልሞተም፤ የሚያዘው አጣ እንጂ

በፍኖተ ሰላምም ይሁን በቡሬ፣ በጅጋም ይሁን በደምበጫ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይቺን ክፍል ያውቃታል። በሯ ላይ «አይሲቲ ላብ» ተብሎ ተጽፏል። ቁልፏ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ሄዷል። በመስኮት ብታጮልቁ ጨርቅ የለበሱ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ታያላችሁ። «ለምንድን ነው የማይከፈቱት?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ከዓመት ዓመት ያው ነው፦ «እነዚህማ አርጅተዋል፤ አሁን ምንም አይሠሩም።»

የመልሱ ግማሽ እውነት ነው። አርጅተዋል። ሁለተኛው ግማሽ ግን ውሸት ነው። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ሲበሩ ይነሳሉ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 ይከፍታሉ፤ ኪቦርዳቸው ይጽፋል። ዩቲዩብ አይከፍቱም፣ እሺ። አዲስ ብሮውዘር አይጭኑም፣ እሺ። ግን ኮምፒውተር ማለት ዩቲዩብ የሚከፍት ዕቃ ነው ያለው ማነው? ኮምፒውተር የታዘዘውን የሚፈጽም ማሽን ነው። እነዚህ ደግሞ ትእዛዝ ለመቀበል ዛሬም ዝግጁ ናቸው። የጠፋው የሚያዛቸው ሰው ነው፤ ሰው የጠፋውም ማዘዝን ስላላስተማርን ነው።

እኔ የምከራከረው ለአንዲት ትንሽ፣ የተናቀች፣ በነጻ ለተቀመጠች ነገር ነው፦ ባች ፋይል። ለገጠሩ ልጅ የመጀመሪያ የፕሮግራም ትምህርት መሆን ያለባት እሷ ነች እላለሁ። አትሳቁ። ሳቃችሁን ያዙና እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

መጀመሪያ ለማያውቃት ላስተዋውቃት። ዊንዶውስ ባለበት ማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ጥቁር መስኮት አለ። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ተጭናችሁ፣ በምትወጣው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ኢንተር ስትሉ ይከፈታል። ምንም ሥዕል የለበትም፤ የሚጫኑት አዝራርም የለውም። ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ኢንተር ትላላችሁ፣ ይፈጽማል። ባች ፋይል ማለት እነዚያን ትእዛዞች ኖትፓድ ላይ በተርታ ጽፎ ማስቀመጥ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የላትም። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ትእዛዝ፣ በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ነጥብና ቢ፣ ኤ፣ ቲ የሚሉ ሦስት ፊደላት። ሁለቴ ክሊክ ስታደርጓት ማሽኑ ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማል። እናት ገበያ ስትሄድ ለልጇ «እሳቱን አንድድ፣ ከዚያ ውኃውን ጣድ፣ ከዚያ ሽሮውን ጨምር» ብላ እንደምትሄደው ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ልጅ አንድም መስመር አይዘልም፤ ከተባለው ውጭም በራሱ አስቦ አይሠራም።

የመጀመሪያዋ ፕሮግራማችሁ ሁለት መስመር ብትሆን ይበቃል። አንደኛው መስመር «ኢኮ» ብሎ ይጀምርና ስማችሁን ያስከትላል። ኢኮ የገደል ማሚቶ ማለት ነው፤ የጻፋችሁትን መልሶ ያሰማችኋል። ሁለተኛው መስመር «ፖዝ» ነው፤ ሰው ቁልፍ እስኪጫን ቁም ማለት ነው። እሱን ካልጻፋችሁ መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ እናንተም «አልሠራም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። አንድ ወጥመድም አለ፦ ኖትፓድ ዝም ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ከስሙ ኋላ የጽሑፍ ፋይል ቅጥያ ይለጥፍበታል፤ ስለዚህ ስታስቀምጡ የፋይሉን ዓይነት «ሁሉም ፋይሎች» በሉት። በቃ። ፕሮግራም ጻፋችሁ። ብር አልከፈላችሁም፣ ምንም አላወረዳችሁም፣ ዋይፋይ አልለመናችሁም።

ነገሩ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ አብሮት የመጣው ዶስ ባች ፋይል ማንበብ ይችል ነበር። ያኔ ኮምፒውተር ሲነሳ መጀመሪያ የሚፈልገው «አውቶኤግዜክ» የምትባል ባች ፋይል ነበረች፤ ምን ምን እንደሚያዘጋጅ የምትነግረው እሷ ነች። ዶስ አልፎ ዊንዶውስ መጣ፤ ኤክስፒ መጣ፣ ሄደ፤ 7 መጣ፣ ሄደ። ዛሬ ዊንዶውስ 11 ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ጻፉ፤ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ከ40 ዓመት በላይ የቆየ ነገር «ጊዜው አልፎበታል» ሲባል ትንሽ ልንጠራጠር ይገባል። ጊዜው ያላለፈበት የምንለው ስንት አፕ ነው በሁለት ዓመት ተቀብሮ የቀረው?

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ ልግባ። እኛ ባች ፋይልን የተዋወቅነው በትምህርት ቤት አይደለም። በፍላሽ ቫይረስ ነው።

ኢንተርኔት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ዛሬም በሌለበት ቦታ፣ ሁሉም ነገር የሚሄደው በፍላሽ ነው። የመምህሩ ፈተና፣ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ የመዝሙሩ አልበም። ፍላሹ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ትምህርት ቤት እየዞረ ቫይረሱንም አብሮ ያዞራል። አንድ ቀን ስትሰኩት ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ታገኟቸዋላችሁ። ስማቸው ያው ነው፤ ጥጋቸው ላይ ግን ቀስት አለ። ስትጫኗቸው አይከፈቱም፤ ወይም ይባስ ብለው ቫይረሱን ያስነሳሉ። እዚህ ላይ ነው ያ ክፉ ፍርድ የሚመጣው፦ «ፍላሹ ተበልቷል፤ ፎርማት መደረግ አለበት።» ስንት ሰው የሁለት ዓመት ሥራውን በዚህ አንድ ቃል አጣ!

ፋይሉ ግን አልተበላም ነበር። እዚያው ነው ያለው። ቫይረሱ ያደረገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፎልደሮቹን «የተደበቀ» እና «የሲስተም» የሚል ምልክት ለጠፈባቸው፣ ከዚያ በእነሱ ስም የሐሰት ሾርትከት ፈጠረ። አንዳንዱ ዝርያ ደግሞ ሁሉንም ሰብስቦ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ይከታቸዋል። ምልክቱን የሚያነሳው ትእዛዝ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ አለ፦ አትሪብ። በስልክ ሲያስጽፉት እንዲህ ነበር የሚሰማው፦ «አትሪብ በል፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ አር፣ ከዚያ የፍላሹን ፊደልና ኮከብ፣ ከዚያ ስላሽ ኤስ፣ ስላሽ ዲ። ጻፍከው? ኢንተር በለው። ትንሽ ጠብቅ።» ኤች ድብቁን፣ ኤስ የሲስተሙን፣ አር አትንኩኝ የሚለውን ምልክት ያነሳል፤ ስላሽ ኤስ በውስጥ ያሉትን ሁሉ፣ ስላሽ ዲ ፎልደሮቹንም ጨምር ማለት ነው። ጥቂት ሰከንድ። ፎልደሮቹ ይመለሳሉ። ከዚያ የሐሰቱን ሾርትከት መሰረዝና ኮምፒውተሩን ራሱን ማጽዳት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩ ካልጸዳ ፍላሹን መልሶ ያስይዘዋልና።

ይህን ትእዛዝ ሁለቴ ሦስቴ መጻፍ የሰለቸው ልጅ ነው የመጀመሪያውን ባች ፋይል የጻፈው። ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጣት፤ ፍላሽ በመጣ ቁጥር ሁለቴ ይጫናታል። በየከተማው በፎቶ ኮፒ ቤትና በሙዚቃ ቤት እንዲህ ያለች ፋይል ነበረች። ደንበኛው ግን አያያትም። «ስጠኝ» ይባላል፣ ስክሪኑ ዞር ይደረጋል፣ ቁልፍ ይንኳኳል፣ «ተስተካክሏል» ይባላል፣ ብር ይከፈላል። ልጁን አልወቅሰውም፤ እንጀራው ነው። ማንም ሳያስተምረው ራሱ ያገኘውን ሸጠ። የምወቅሰው ሌላ ወገን ነው፦ ያቺ ትእዛዝ በመንግሥት ገንዘብ በተገዛ በእያንዳንዱ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ውስጥ እያለች፣ ለአንድ ክፍል ተማሪ በሃያ ደቂቃ ማስተማር እየተቻለ፣ ምሥጢር ሆና እንድትቀር ያደረገውን ትምህርት።

ምን ነበር ስንማር የኖርነው? «ኮምፒውተር ምንድን ነው?» «የኮምፒውተር ትውልዶችን ዘርዝር።» «የግብዓት መሣሪያ የሆነው የቱ ነው፦ ሀ. ማውስ፣ ለ. ፕሪንተር።» የመጀመሪያው ትውልድ በቫኪዩም ቲዩብ እንደሚሠራ በቃሉ የሚያወጣ ተማሪ አለ፤ አጠገቡ ባለው ማሽን ላይ አንድ ፎልደር ከፍቶ አያውቅም። ዋና ሳይነካ ስለ ውኃ ኬሚስትሪ እንደተፈተነ ሰው ነው።

ይሄ አስተሳሰብ ደግሞ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ፕላዝማን አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይወርድ ጀመር። በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና መልሱን ራሱ ይነግራችኋል። ገባችሁ አልገባችሁ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ እሱ ምዕራፉን አልፎ ሄዷል። ማሽኑ ይናገራል፣ ልጁ ያያል። ከፕላዝማ ወደ ኮምፒውተር ስንሻገር ዕቃውን ቀየርን እንጂ ቦታችንን አልቀየርንም። አሁንም ተመልካች ነን። ስልክ ላይ ቲክቶክ የሚያሳልፈው አውራ ጣትም የዚያው የፕላዝማ ተማሪ ልጅ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው መርሐ ግብር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ተጀመረ። ወጣቱ በኦንላይን ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የመሳሰለውን በነጻ ይማር ተባለ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ዕድሉ ያላችሁ ተማሩ፣ ጨርሱት። ግን ቀኑን ከቦታው ጋር አስተያዩት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። ስለዚህ ለቡሬ ገጠር ልጅ «ሊንኩን ተጭነህ ተመዝገብ» ማለት ምን ማለት ነበር? ለእሱ ኮዲንግ እንደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሆነበት፦ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ጤዛው ፊት ላይ ይደርሳል፣ ውኃው ግን አይጠጣም።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። «አገር በጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ ስንት ትምህርት ቤት ጭራሽ ተዘግቶ፣ አንተ ስለ ጥቁር መስኮት ታወራለህ?» አዎ፣ አወራለሁ፤ የማወራውም በዚያ ምክንያት ነው። ኢንተርኔት በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ እንደሚችል ካየን በኋላ የልጆቻችንን ዕውቀት በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ማንጠልጠል ሞኝነት ነው። ባች ፋይል ኔትወርክ አያውቅም። መማሪያ መጽሐፉ እንኳ ውስጡ ነው ያለው፦ ጥቁሩ መስኮት ላይ «ሄልፕ» ብላችሁ ጻፉ፣ የትእዛዞቹ ዝርዝር ይወርዳል። ከማንኛውም ትእዛዝ ኋላ ስላሽና የጥያቄ ምልክት ጨምሩ፣ አጠቃቀሙን ይነግራችኋል። ማንም ከሩቅ ሊዘጋው አይችልም።

ደግሞ እነዚህ አሮጌ ማሽኖች ከኢንተርኔት ቢርቁ ነው የሚሻላቸው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማስተካከያ መስጠት ያቆመው በሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ በጥር 2020 እ.ኤ.አ.። እንዲህ ያለን ማሽን ኔትወርክ ላይ ማውጣት በር የሌለው ቤት ውስጥ እንደ መተኛት ነው። ኢንተርኔት ሳይነካ የሚሠራ ትምህርት ግን ይስማማዋል። ለአሮጌ ማሽንና ለኔትወርክ የለሽ ከተማ ከዚህ የተሻለ የሚገጥም ትምህርት ካለ አምጡልኝና ልመለስ።

«ፓይተን ይሻላል» ትሉኛላችሁ። ይሻላል፤ አልክድም። ችግሩ ፓይተን እዚያ ማሽን ላይ የለም፤ መጫን አለበት። ኤክስፒ ላይ የሚጫነው የመጨረሻው ፓይተን 3.4 ነው፣ ዊንዶውስ 7 ላይ 3.8። ያንን አሮጌ ቅጂ ፈልጎ፣ በፍላሽ አምጥቶ፣ የአስተዳዳሪ ፓስወርድ ያለውን ሰው ለምኖ መጫን የሚችል መምህር ካለ እሰየው፣ ይጫን። የሌለበት ትምህርት ቤት ግን ፓይተንን ሲጠብቅ ተማሪው 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ይሄዳል። በኋላ ፓይተን የሚያስተምራችሁ ነገር ሥሩ ደግሞ እዚህም አለ፦ ቅደም ተከተል፣ «ይህ ከሆነ ያን አድርግ» የሚለው ኢፍ፣ ደጋግሞ መሥራት የሚያስችለው ፎር፣ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ የሚባለው ሴት። እዚህ የለመደ ልጅ ነገ ሊኑክስ ላይ ሲቀመጥ ትእዛዙ ቢለያይም አሠራሩ አይገርመውም። የዓለም ትልልቅ ሰርቨሮችም የሚተዳደሩት በአብዛኛው እንዲህ ባለ መስኮት በሚጻፍ ትእዛዝ ነው እንጂ በማውስ አይደለም።

«አደገኛ ነው» የሚል አለ። እውነት ነው፣ አደጋ አለው። «ዴል» የተባለው ትእዛዝ የሰረዘውን ወደ ቅርጫቱ አይወረውርም፤ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ልጅ ግን ማጭድ ይዞ አጨዳ የሚወጣበት አገር ነው ያለነው። ማጭድ አደገኛ ነው ብለን አልከለከልነውም፤ አያያዙን አሳየነው። ለዚህም አያያዝ አለው፦ ሁልጊዜ በአንድ የመለማመጃ ፎልደር ውስጥ ሥሩ፤ ከሚሰርዝ መስመር ፊት ኢኮ ጨምሩበት፣ ያኔ ማሽኑ ሊሰርዝ የነበረውን ጽፎ ያሳያችኋል እንጂ አይሰርዝም፤ ትክክል መሆኑን ስታዩ ኢኮዋን አንሱ። ሰው የሰጣችሁን ባች ፋይል ደግሞ ሁለቴ ከመጫናችሁ በፊት በቀኝ ክሊክ «ኤዲት» ብላችሁ አንብቡት። ባች ፋይል ሆዱ ክፍት ነው፤ ምን እንደሚሠራ ይነበባል። ስልካችሁ ላይ ካለው አፕ የትኛው ነው ሆዱን ገልጦ የሚያሳያችሁ?

«እንግሊዝኛ ነው» የሚለው ቅሬታ ይገባኛል፤ ያመኛልም። ዶስ የተሠራው እኛን አስቦ አይደለም። በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 256 ምልክት ነበር፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። አሮጌው ጥቁር መስኮት ላይ ዛሬም «ሰላም» ብትሉት ባዶ ሳጥን ደርድሮ ይመልስላችኋል። ይሄ ቁጭት ነው። ነገር ግን ለመጀመር የሚያስፈልገው ሃያ ያህል ቃል ነው። የአውሮፓ ኳስ ክለብ ተጫዋቾችን ከነተቀያሪዎቹ በቃሉ የሚያውቅ የፍኖተ ሰላም ልጅ ዲር፣ ኮፒ፣ ሬን፣ ኢፍ፣ ጎቱ የሚሉ ሃያ ቃላት ያቅቱታል? ትርጉሙን በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው ነው ያጣው።

ልክ ያለመጋነንም ግዴታዬ ነው። ባች ፋይል የማትችለው ነገር ብዙ ነው። ለምሳሌ ሒሳቧ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ ነጥብ አታውቅም። የ67ንና የ68ን አማካይ ጠይቋት፣ 67 ነጥብ 5 ከማለት 67 ብላ ትቆርጠዋለች። በግማሽ ነጥብ ደረጃ የሚለያይ ተማሪ ባለበት አገር ሮስተር በእሷ አይሠራም፤ እሱን ለኤክሴል ተዉት። ግን ሮስተሩ እንዳይጠፋ ማድረግ ትችላለች። መብራት ድንገት ሲጠፋ የኤክሴል ፋይሉ ተበላሽቶበት ሴሚስተሩን ከማርክ ሊስት እንደገና የለቀመ መምህር ሕመሙን ያውቀዋል። «ኤክስኮፒ» የምትለዋን ትእዛዝ ከስላሽ ዲ ጋር የያዘች አንድ መስመር የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ እየመረጠች በየቀኑ ማታ ወደ ሌላ ቦታ ትገለብጣለች። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ለመምህራኑ ቢሮ ይህቺን መስመር ቢጽፍ በትምህርት ዘመኑ ከሠራው «ፕሮጀክት» ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሚጠቅም ነገር ሠርቶ ሰው ሲጠቀምበት ማየት ነው ልጅን ፕሮግራመር የሚያደርገው፤ ሰርተፍኬት አይደለም።

እንዴት ይማር ለሚለው ሩቅ አንሂድ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው እያልን እንኮራለን፤ ዋሸራና ጎንጅ እያልን እንጠራለን። ቅኔ ቤቱ ግን ምን እንደሚያደርግ ልብ አንልም። ተማሪው ግስና አገባብ እየተማረ ጎን ለጎን ራሱ ይቆጥራል። የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ስሕተቱን ያወጣል፣ ያቃናል። በማግስቱ ሌላ አዲስ ይቆጥራል፤ የትናንቱን ይዞ መምጣት የለም። እንዲህ እያለ ነው ስምንት ቤት መወድስ የሚደርሰው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከመንደር መንደር እየለመነ የሚማር ልጅ በመጀመሪያው ወር ፈጣሪ ነው፤ እኛ አይሲቲ ላብ ያስገባነው ልጅ ግን አራት ዓመት ተመልካች ሆኖ ይወጣል። ማን ነው ኋላ ቀሩ?

ኢኮና ፖዝ የኮምፒውተር ጉባኤ ቃና ናቸው። ሁለት መስመር ይጻፍ፤ ማሽኑ ያርመው። ነገ ሦስት፣ ከነገ ወዲያ አምስት። ኮምፒውተሩም ቢሆን ጥሩ መምህር ነው፦ አይሳደብም፣ አያዳላም፣ ስትሳሳቱ ያው እንደተሳሳታችሁ ያሳያችኋል።

እንግዲህ የምለውን ጠቅልዬ ልበለው። አንደኛ፣ ላቡ ይከፈት። ሃያ ኮምፒውተር ካለና ስምንቱ የሚነሳ ከሆነ በስምንቱ ይጀመር፤ ከማይነሱት ዕቃ እየፈቱ ዘጠነኛውን ማስነሳት ራሱ ትምህርት ነው። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በደብተር ይጀምር። ባች ፋይል ጽሑፍ ስለሆነች መብራት በሌለበት ቀን በእስክሪብቶ ትጻፋለች፤ ተራ ሲደርስ ገብቶ መሞከር ነው። ይሄ ለሴት ተማሪዎች በተለይ ይጠቅማል፦ አምስት ልጅ በአንድ ኪቦርድ ሲጋፋ ሁልጊዜ ኪቦርዱን የሚይዘው ማን እንደሆነ እናውቃለን። እያንዳንዷ የራሷን ፕሮግራም በደብተሯ ጽፋ ከመጣች ግን ተራዋን ማንም አይነጥቃትም። ሦስተኛ፣ ሃያዎቹ ትእዛዞች ከነአማርኛ ትርጉማቸው በአንድ ትልቅ ወረቀት ተጽፈው ግድግዳው ላይ ይለጠፉ። አራተኛ፣ የመጀመሪያው ፈተና «ኮምፒውተር ምንድን ነው» መሆኑ ይቅር፤ «ይህን የተደበቀ ፋይል አውጣው» ይሁን።

አምስተኛው ለእናንተ ነው፤ ይህን በስልካችሁ ለምታነቡት። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ ወደ ቤተሰብ ስትሄዱ የሠፈሩን ታዳጊ አንዱን ጥሩትና ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጡት። ፊልም ገልብጣችሁለት አትሂዱ። ሁለት መስመር አስጽፉት። ስሙን ራሱ ይጻፍ፣ ኢንተር ይበል፣ ማሚቶውን ይስማ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁም ብትሆኑ ያቺን ፋይል ደብቃችሁ አትያዟት። ገበያችሁን አትቀንስባችሁም፤ ቡሬ ላይ የዘይት ፋብሪካውና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተተክሎ ማሽን ማዘዝ የሚያውቅ ሰው በሚያስፈልግበት ዘመን አጠገባችሁ የሚያውቅ ልጅ መኖሩ ጉዳት የለውም።

አዲስ ኮምፒውተር ይምጣልን ብለን እንለምን፣ መብታችን ነው፤ ኢንተርኔቱም እንዳይዘጋ እንጩህ። እስኪመጣ ድረስ ግን ጨርቅ ለብሰው የተቀመጡትን ማሽኖች ሬሳ አናድርጋቸው። ወላጆቻችን በከፈሉት ግብር የተገዙ ናቸው። ቁልፉን የያዘው ሰው ከስብሰባ ሲመለስ ጠብቁትና በሩን አስከፍቱት።